ለዕውቀት የተላከ ልጅ ጤናውን ጥሎ እንዳይመለስ

ልጅን ወደ ዩኒቨርሲቲ መላክ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ደስታ፣ እንዲሁም ትልቅ ወጪ ነው። ወላጅ በሶውን አስፈጭቶ፣ ቆሎውን አስቆልቶ፣ ዳቦ ቆሎውን በከረጢት አስሮ፣ በንስሐ አባቱ አስባርኮ ልጁን ሲሸኝ ሐሳቡ ሁሉ የሚያርፈው በትምህርቱ ውጤት ላይ ነው። ስለ ፈተናው ይጠይቃል፤ ስለ ጓደኞቹ ይጠይቃል፤ ስለ ገንዘቡም ይጠይቃል። ስለ እግሩ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ማዕዱ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ ልጅ ዓመቱ አልቆ ለዕረፍት ሲመለስ ከልክ በላይ ወፍሮ ዳገት ሲወጣ የሚያለከልክ ሆኖ ይገኛል፤ ሌላውም «ክብደት እቀንሳለሁ» ሲል መንምኖ ዐይኑ ጎድጉዶ ይመጣል።

ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ጉዳቶች ናቸው። ምንጩም የቀን ሥርዓት መፍረስ ነው። በቤቱ ሳለ እግሩ የሚሄድበት፣ ማዕዱ የሚቀርብበት፣ መብራቱ የሚጠፋበት ሰዓት የታወቀ የነበረ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሦስቱንም ራሱ እንዲያዝባቸው ይተውለታል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናሳስበው ነገር ይህ ነው፦ የተማሪን ሰውነት በልኩ የሚጠብቀው በረኃብ ራስን መቅጣት አይደለም፤ መድኃኒትም ቅጠልም አይደለም፤ እርምጃን፣ ማዕድንና እንቅልፍን እንደገና በሥርዓት ማቆም ነው።

ከሶፊ መንገድ እስከ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ቅርብ የሆነውን ምሳሌ እናንሣ። በሐረሪ ክልል ከሚገኙት የገጠር ወረዳዎች አንዷ ሶፊ ናት። በሶፊ ገጠር የሚኖር ሰው ወደ ሐረር ገበያ ሲወርድና ሲወጣ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲሸከም፣ ማሽላውን ሲኮተኩት፣ ከብቱን ሲያግድ የሚውል ነው። የዚያ አገር ልጅ «ዛሬ ሰውነቴን ላንቀሳቅስ» ብሎ ቀጠሮ መያዝ አያስፈልገውም፤ ኑሮው ራሱ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነውና። ለትምህርት በእግሩ የተመላለሰ እንደሆነማ፣ በየቀኑ የሚሄደውን ርቀት ቆጥሮም አያውቅ።

ይህ ልጅ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ሁሉም ይለወጣል። ለምሳሌ ከሐረር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን እንውሰድ። ይህ ተቋም ጥር 8 ቀን 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ የተከፈተው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ከፍ ብሏል፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁም በሐረር ከተማ ይገኛል። ተማሪው በእንደዚህ ያለ ግቢ ሲኖር መኝታው፣ መመገቢያው፣ መማሪያውና ቤተ መጻሕፍቱ ተቀራርበው ያገኛቸዋል። ከግቢ ሲወጣ ደግሞ ባጃጅ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ቀድሞ ቀኑን ሙሉ ይሠራ የነበረ እግር አሁን ከወንበር ወደ ወንበር ብቻ ያሸጋግረዋል። አፉ ግን የቀድሞውን ልማድ አልተወም፤ ያው ለገበሬ ጉልበት የሚበቃው እንጀራ ለተቀማጭ ሰው ይቀርባል። ላይ ላዩንም ለስላሳው፣ ቦምቦሊኖው፣ ፓስቲውና ችብሱ ይጨመራል። የተረፈው ኃይልም በወገብ ዙሪያ ጎተራ ሠርቶ ይቀመጣል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ አሥራ አምስት ፓውንድ፣ ማለት ወደ 7 ኪሎ ግራም ይጨምራል የሚል የቆየ አባባል አለ። ሊቃውንት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩት ጭማሪው በአማካይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። አባባሉ የተጋነነ መሆኑ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን በየዓመቱ 2 ኪሎ የሚጨምር ሰው በአምስት ዓመት 10 ኪሎ እንደሚሸከም መዘንጋት አይገባም።

የሎንዶን አውቶቡሶች ያስተማሩት

መቀመጥ ራሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዓለም ቀድመው ካሳዩት ምርመራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር የተደረገው ነው። ጄረሚ ሞሪስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ ባለ ሁለት ፎቅ በሆኑት የሎንዶን አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ተከታትለው፣ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳተሙ። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ፣ የሚኖሩትም በአንድ ከተማ ነው። ልዩነታቸው ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን እየወጣና እየወረደ መዋሉ ነው። የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ፣ በትኬት ቆራጮቹ ላይ ግን አንሶ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላም እነዚሁ መርማሪዎች ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጠው፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ከወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን ገለጹ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጤናን ለመጠበቅ ሯጭ መሆን ግድ አይደለም፤ ትኬት ቆራጩ ሥራውን ሠራ እንጂ ለውድድር አልተዘጋጀም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የአገር ኩራት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ተማሪ አበበን ይሁን የሚል የለም። ሁለተኛው፣ ሰውነት የሚጠነክረውም የሚላላውም በየቀኑ በሚደጋገመው ጥቂት ነገር ነው። 

መቀነስ የሚገባው ማን ነው?

ስለ መቅጠን ከመናገራችን አስቀድሞ ሊጤን የሚገባው ነገር፣ መቀነስ ለሁሉም የታዘዘ አለመሆኑ ነው። እንዲያውም በአገራችን ካሉ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው መጨመር ነው። ሐኪሞች ለአዋቂ ሰው የሚጠቀሙበት ቀላል ልኬት አለ፤ ይኸውም ክብደትን በኪሎ ግራም፣ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከሚገባው በላይ ቀጭን ነው፤ ከ18.5 እስከ 25 ድረስ ደኅና ነው፤ ከ25 ጀምሮ ክብደቱ በዝቷል፤ 30 ከደረሰ ውፍረቱ ሕመምን የሚጋብዝ ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ተማሪ 54 ኪሎ ቢመዝንም፣ 70 ኪሎ ቢመዝንም በደኅናው ወሰን ውስጥ ነው፤ 73 ኪሎ ሲደርስ ግን ወሰኑን አለፈ ማለት ነው። ልኬቱ የጡንቻንና የስብን ልዩነት ስለማያውቅ የወገብን ስፋትም አብሮ መመልከት ይገባል። ሁለቱንም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ማስለካት ይቻላል።

ይህን ያህል የዘረዘርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤታችን የሚነገረው ቃል ከሚዛኑ ይልቅ በልጆቻችን ልብ ላይ ይሠራልና ነው። እናት ልጇ ሲወፍር «ተመስገን፣ አማረበት፤ ተስማምቶታል» ትላለች፤ የአባቶቻችን ዘመን ረኃብን ያየ ስለሆነ ውፍረት የጥጋብ ምልክት ሆኖ ቀርቷል። በሌላው ወገን ደግሞ አክስት ወይም ጎረቤት ልጅቱን በሰው ፊት «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?» ትላታለች። ልጅቱም ያን ቃል ይዛ ወደ ግቢዋ ትመለሳለች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ እንደ ጠላት ይታያታል። ወሰኑን ያላለፈች ልጅ ሁለትና ሦስት ቀን ሳትበላ እየዋለች ትምህርቷን ስትከታተል ራሷን ያዞራታል፤ ያነበበችው አይያዝላትም፤ የወር አበባዋም ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ትጋት አይደለም፤ ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ወላጅ ተግሣጹን ትቶ ልጁን ወደ ሐኪም ይውሰድ።

ማዕዱ

በእውነት መቀነስ ለሚገባው ሰው ነገሩ በስሌት የታወቀ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አጉድሎ የሚኖር ሰው በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ይቀንሳል። ሐኪሞች የሚመክሩትም ከዚህ እስከ አንድ ኪሎ ድረስ ነው። በሳምንት አምስት ኪሎ አቀንሳለሁ ብሎ የሚሰብክ ሁሉ የሚያስወጣው ውሃና ጡንቻን ነው፤ የወጣውም ፈጥኖ ይመለሳል። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ታዲያ 500 ካሎሪ ከወዴት ይጉደል? ከእንጀራው ሳይሆን ከመጠጡ እንጀምር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይዟል፤ ይህም ወደ 120 ካሎሪ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በቀን አምስት ብርጭቆ ቢጠጣ 60 ግራም ያህል ስኳር ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ግን በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ከ25 ግራም እንዲያንስ ነው። እንግዲህ ይህ ተማሪ አንድ ጉርሻ ሳይጨምር በሻይ ብቻ ልኩን አልፏል። ስኳሩን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ማንኪያ ማውረድ፣ ለስላሳውንም ለበዓል ቀን መተው፣ ከማናቸውም ጾመ ሥጋ ይልቅ የቀለለ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል። በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳና ፓስቲ የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ቀላል ምግብ አይባልም። በሐረርጌ የታወቀው የባቢሌ ለውዝ ለጤና የሚስማማ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ቅባቱ ብዙ ስለሆነ በእፍኝ እንጂ በከረጢት አይበላም። በአንጻሩ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ንፍሮውና ቅንጬው ሆድን ሞልተው ረኃብን ለረጅም ሰዓት ያስታግሣሉ። ተማሪው በመመገቢያ ቤት የሚቀርብለትን ባይመርጥም መጠኑን መምረጥ ይችላል፤ ወጡን ሳይቀንስ እንጀራውን ቢቀንስ፣ ቀስ ብሎ ቢያላምጥ፣ ሁለተኛ ከመጠየቁ በፊት ጥቂት ቢታገሥ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል። ቁርስን ጥሎ ሌሊት በመጽሐፍ ላይ ሲበሉ ማምሸት ግን የተገላቢጦሽ ሥርዓት ነው።

ጾም የመክሻ ዘዴ አይደለም

አሁን ለክርስቲያን ቤተሰብ ዋና ወደ ሆነው ነገር እንድረስ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወጣቶች እርስ በርሳቸው «ጾሙ መጣ፤ እንቀጥናለን» ሲባባሉ ይሰማል። ይህ አነጋገር በጨዋታ የተባለ ቢመስልም የጾምን ትርጉም የሚለውጥ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲጾም፣ ፍልሰታና ጾመ ነቢያት ሲጾም፣ ዓላማው ነፍስ በሥጋ ላይ እንድትሠለጥን፣ ልብ ወደ ጸሎት እንዲመለስ፣ ከማዕድ የተረፈውም ለድኻ እንዲደርስ ነው። መልክን ለማሳመር የሚጾም ሰው ዋጋውን ከመስተዋት ይጠብቃል፤ መስተዋት ደግሞ ጸሎት አይሰማም።

ስሌቱም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ጿሚ አያዳላም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ጾሞ፣ ማምሻውን የቀኑን ሁሉ ምግብ በአንድ ጊዜ፣ ያውም በዘይትና በስኳር አድርጎ የሚበላ ሰው በጾም ወራት ሊወፍር ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ በሃምሳው ቀን ሥጋና ቅቤ ያለ ልክ የሚበላ ተማሪ የዓመቱን ውፍረት በዚያች ወቅት ይሰበስባል። ቤተ ክርስቲያን የፈቀደችው ደስታን ነው እንጂ ሆዳምነትን አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ለተማሪዎች ከነቢዩ ዳንኤልና ከጓደኞቹ ከአናንያ፣ ከአዛርያና ከሚሳኤል የተሻለ አርአያ አናገኝም። እነርሱም ተማሪዎች ነበሩ። በባቢሎን ቤተ መንግሥት ለሦስት ዓመት እንዲማሩ ተመርጠው፣ ከንጉሡ ማዕድ እንዲበሉ ታዝዞላቸው ሳለ፣ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ፤ ለአሥር ቀንም ተፈተኑ። በፍጻሜው ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ፣ ሰውነታቸውም ለምልሞ ተገኘ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዳንኤል ጥራጥሬውን የመረጠው ለመቅጠን አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ፊት ላለመርከስ ነው። ጤናው የተከተለው በኋላ ነው። ጾምንም በዚህ ቅደም ተከተል የያዘው ተማሪ ነፍሱም ሥጋውም ይጠቀማሉ።

ስግደትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ስግደትን እንደ ስፖርት ቆጥሮ ሲያሞግስ ይሰማል። ስግደት ለሰውነት ብርታት የሚሰጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም፤ ስፖርት ቢሆን ኖሮ ይህ ሥርዓት ባልተሠራ። ስለዚህ ጸሎቱን ለጸሎት፣ እርምጃውን ለእርምጃ እንተው። የስኳር በሽታ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ከሕመም ያገገመ ተማሪ ደግሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ሳይመክር አይጹም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ርኅራኄ አላት፤ አለመጠየቅ እንጂ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ጫት አንድ ቃል

ከሐረር ወደ ሐረማያ የሚሄድ ተማሪ በታላቁ የጫት ገበያ በአወዳይ በኩል ያልፋል። ጫት በዚህ አገር የብዙ ገበሬ ጎረቤቶቻችን መተዳደሪያ እንደሆነ እናውቃለን፤ ያለንበትንም ኅብረተሰብ በመናቅ አንናገርም። ለልጆቻችን ግን እውነቱን መንገር ይገባናል። ጫት ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለው፤ እርሱም ረኃብን ይዘጋል፤ እንቅልፍን ያባርራል፤ የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት «ያስጠናል፤ ደግሞም ያቀጥናል» ብሎ የሚጀምረው ተማሪ አይጠፋም።

ውጤቱን ግን በሙሉ እንመልከተው። ሰዓታት ሙሉ ተቀምጦ ይቃማል፤ ከአጠገቡም ለስላሳው፣ በስኳር የተሞላው ሻይና ለውዙ አይጠፉም። ምሳ ይቀራል፤ እንቅልፍ ይቀራል፤ በማግሥቱ ድብርት ይከተላል። ባልተኛበት ሌሊት ያነበበው ፈተና ላይ ሲፈልገው አያገኘውም። ክብደቱ ቢቀንስ እንኳ የቀነሰው በጥንካሬ አይደለም፤ ማዕድ በመጥፋቱ ነው። ቅጠሉን ሲተው ረኃቡ ይመለሳል፤ ክብደቱም ከኋላው ይከተላል። እንዲህ ያለው ልጅ ገንዘቡን፣ ሌሊቱንና ልቡን ከፍሎ ምንም አልገዛም።

የጀጎል ዙር

እንግዲህ ምን ይደረግ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ይህም ፈጠን ብሎ መራመድን የመሰለ፣ እንዲሁም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። ይህን በሐረር ቋንቋ ብንተረጉመው እንዲህ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ ዙሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሐረር የሚማር ተማሪ ከሸዋ በር ተነሥቶ፣ ግንቡን ተከትሎ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር በኩል አንድ ጊዜ ዞሮ ቢመለስ፣ ፈጠን ላለ እርምጃ ከ40 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። በሳምንት አራት ቀን ቢያደርገው 160 ደቂቃ ሆነ፤ የሳምንቱን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የሚጨምርበት እንደሆነ ደግሞ ሳንባውም ይፈተሻል።

አንዱ ዙር ለ70 ኪሎ ሰው ወደ 170 ካሎሪ ያህል ያስወጣል። ከላይ የጠቀስነው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የዚህን ዙር ሁለት ሦስተኛ ይውጣል ማለት ነው። ከዚህም የምንረዳው እግር ብቻውን አፍን ሊያሸንፍ እንደማይችል ነው፤ ሁለቱ ተረዳድተው ይሥሩ። እርምጃው ግን ከካሎሪው የበለጠ ጥቅም አለው፤ ልብን ያበረታል፤ ድብርትን ያርቃል፤ እንቅልፍን ያጣፍጣል።

ሰዓቱ ከትምህርት በፊት፣ ጎህ ከቀደደ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሐረር ሌሊት ጅብ የሚመላለስባት ከተማ መሆኗን ማን ይረሳል! ሴቶች ተማሪዎች ሁለትና ሦስት ሆነው ቢሄዱ ለደኅንነትም ለወግም ይስማማቸዋል። መውጣት ያልተመቻት በመኝታ ክፍሏ ገመድ ትዝለል፤ ቁጢጥ ብላ ትነሣ፤ መሬት ተደግፋ ክንዷን ታጠንክር፤ ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም። በሐረማያ ያለው ተማሪ ጀጎል ባይኖረው ሰፊ ግቢ አለው። በሌላ ከተማ ያለውም ከመኝታው እስከ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያለውን መንገድ በእግሩ ይሂድ።

ጊዜ የለኝም የሚል ተማሪ ቢኖር የአብነት ትምህርት ቤቱን ያስታውስ። የቆሎ ተማሪ ቀለሙን የሚይዘው ተቀምጦ ብቻ አልነበረም፤ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ በቃሉ ይቀጽል ነበር። አቋቋም ተማሪውም መቋሚያውን ይዞ ቆሞ ያድራል። የደበሎ ዘመን ረኃቡና እከኩ እንዲመለስ አንመኝም፤ ያ ትውልድ ግን እግርና አእምሮ አብረው እንደሚሠሩ ያውቅ ነበር። የዛሬው ተማሪም የሕግን አንቀጽ፣ የአጥንትን ስም ወይም የኬሚስትሪን ቀመር ከጓደኛው ጋር እየተራመደ ቢጠያየቅ አንድ ሰዓት ለሁለት ሥራ ይሆንለታል። ተቀምጦ ሲያነብም በየሃምሳ ደቂቃው ተነሥቶ ጥቂት ይንቀሳቀስ።

በመጨረሻም እንቅልፍ አለ። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እንቅልፍ የጎደለው ሰው በማግሥቱ ረኃቡ ይበረታል፤ ልቡም ጣፋጭና ቅባት ይመኛል። ማታ በአራት ሰዓት ተኝቶ ንጋት በአሥራ አንድ ሰዓት የሚነሣ ተማሪ ሰባቱን ሰዓት ሞልቶ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ እርምጃውንም ፈጽሞ፣ በሁለት ሰዓት ከትምህርት ክፍሉ ይገኛል።

የቤተሰብ ድርሻ

ይህን ሁሉ ለተማሪው ብቻ አሸክመን ብንተወው ፍርድ አይሆንም። ወላጅ ስንቁን ሲያዘጋጅ ከብስኩቱ ይልቅ በሶውንና ቆሎውን ያብዛ። ስልክ ሲደውል «ፈተና እንዴት ነበር?» ካለ በኋላ «ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ዛሬስ ምን ያህል በእግርሽ ሄድሽ?» ብሎ ይጨምር። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ሰውነቱ በእንግዳ ፊት አያሙግሰው፤ አይንቀፈውም። በቤትም ያለው ሁሉ ከተማሪው ጋር ይራመድ፤ አባት ባጃጅ እየጠራ ልጁን በእግርህ ሂድ ቢለው ማን ይሰማዋል?

የሶፊ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ከአገሩ ይዞት የሚሄደው ትልቁ ስንቅ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አይደለም፤ መንገድ የለመደ እግሩ፣ በሰዓቱ የሚበላ አፉና በሰዓቱ የሚተኛ ዐይኑ ናቸው። ዲግሪ በአራት በአምስት ዓመት ይገኛል፤ ይህ ስንቅ ግን አንድ ጊዜ ከተጣለ መልሶ ለማግኘት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሰውነታችን የተሰጠን አደራ ነው፤ ባለ አደራም ሆኖ መገኘት የክርስቲያን ወግ ነው። ልዑል እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በጤና አሳድጎ ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን።